ደቻቱ ሌሊት ሲመጣ፦ የድርጅት ዝግጁነት በምን ይለካል?

በድሬዳዋ ከተማ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሰው አሸዋውን ያቋርጣል፣ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። የከተማዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው ይህ አሸዋ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሞልቶ ወጣና ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ያለ ቤት አስቀረ። ጎርፉን የወለደው ከላይ፣ በደንገጎና በሐረማያ በኩል ባለው ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ ነበር። ከተማዋ ተኝታ ሳለ ውኃው ቁልቁል መጣ።

ከዚያ ሌሊት አንድ ወር ቀደም ብሎ አንድ ኦዲተር በወንዙ ዳር ያሉትን መጋዘኖች፣ ክሊኒኮችና ቢሮዎች በየተራ ፈትሾ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ነገር «ደህና ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሳት ማጥፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ የመውጫው በር ክፍት ነው፣ የአስቸኳይ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። ጎርፉ የፈተነው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን አለ? ለማን ይደውላል? የተደወለለትስ ስልኩን ያነሳል? ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ መጣሉን ለከተማው የሚነግረው ማን ነው? የድርጅትን ዝግጁነት ለክቶ ሰርተፍኬት መስጠት ዋጋ የሚኖረው እነዚህን ጥያቄዎች ደፍሮ ሲጠይቅ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ያለዚያ ሰርተፍኬቱ የሚመሰክረው ለወረቀት ነው።

ጉዳዩ ለድሬዳዋ የሩቅ አይደለም። አገሪቱ ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ የባቡሩ መስመርም ድሬዳዋን ይዞ ነው የሚሄደው። ከተማዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ በነሐሴ 2014 ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቶላታል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ዕቃ የሚገዛ ደንበኛ፣ ብድር የሚሰጥ ባንክ ወይም ውል የሚገባ መድን ድርጅት «ሥራችሁ ቢቋረጥ በስንት ቀን ትመለሳላችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መቋረጡ ደግሞ ከራስ ግቢ ብቻ አይመጣም። በታኅሣሥ 2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ታስታውሳላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጡብ ሳይወድቅ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድና ሐዲድ የሚያልፈው በዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ እዚህ ያለ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው ሊቋረጥበት ይችል ነበር።

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ ኤስ ኦ) ያወጣው አይ ኤስ ኦ 22301 ነው፤ ጉዳዩ የሥራ ቀጣይነት ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን በ2019 ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያላት አጭር ጭማሪ ገባችበት፦ ድርጅቱ የአየር ንብረት ለውጥ ሥራውን ይነካው እንደሆነ መርምሮ መወሰን አለበት። ደረጃው የአደጋ ዓይነት ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አያዝም። የሚጀምረው ከሥራው ነው። ከምትሠሩት ሁሉ ጨርሶ መቆም የማይችለው የትኛው ነው? ቢቆም ጉዳቱ የማይመለስ የሚሆነው ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? ለማስነሳት ምን ሰው፣ ምን ዕቃ፣ ምን መረጃ ያስፈልጋል? ከዚያ ዕቅድ ይወጣል፣ ዕቅዱ በልምምድ ይፈተናል፣ ልምምዱ ያሳየው ጉድለት ይታረማል፣ የበላይ ኃላፊዎችም ውጤቱን ይገመግማሉ።

ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው አይ ኤስ ኦ ራሱ እንዳልሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። አይ ኤስ ኦ ደረጃውን ያወጣል፤ የሚመሰክሩት ሌሎች ገለልተኛ ተቋማት ናቸው። ኦዲቱ በሁለት ዙር ይካሄዳል፤ በመጀመሪያው ሰነዱ ይታያል፣ በሁለተኛው በተግባር መሠራቱ ይጣራል። የተሰጠው ሰርተፍኬት ለ3 ዓመት ይቆያል፣ በየዓመቱም የክትትል ኦዲት አለው። በአገራችን ደረጃ የማውጣቱ፣ የመመስከሩና መስካሪዎቹን የመመዘኑ ሥራ ለተለያዩ ተቋማት የተከፋፈለ ነው፦ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትና የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ሰርተፍኬት አለኝ» ሲል ተገቢው ጥያቄ «ማን ሰጠህ? ሰጪውንስ ማን መዘነው?» የሚለው ነው። በክፍያ ብቻ ማኅተም የሚያትም ሞልቷልና።

በአግባቡ የተሰጠ ሰርተፍኬትም ቢሆን ግን አንድ አደገኛ ክፍተት አለው፤ ይህን ለማየት ወደ ጃፓን ልሂድ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ፣ ኢሺኖማኪ ከተማ ውስጥ ያለው የኦካዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 74 ተማሪዎችና 10 መምህራን አጣ። ትምህርት ቤቱ የአደጋ ጊዜ መመሪያ ነበረው፣ ሱናሚም ተጠቅሶበታል። የሚሸሹበትን ቦታ ሲጠቅስ ግን በአካባቢው ያለ ክፍት ቦታ ወይም መናፈሻ ከማለት አላለፈም። የትኛው ክፍት ቦታ? በየት በኩል? መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው ብዙ ደቂቃ ቆዩ፤ ከኋላቸው ኮረብታ ነበር። የልጆቹ ወላጆች ከሰሱ። የሴንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ጥፋቱን የፈለገው በዚያች ቀን መምህራኑ በወሰኑት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱና የትምህርት ቦርዱ ከአደጋው በፊት መመሪያውን በአግባቡ አለማዘጋጀታቸው ራሱ ኃላፊነትን አለመወጣት ነው አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ውሳኔውን አጸና።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ካማይሺ በተባለችው ከተማ ትምህርት ቤት የነበሩት ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ተረፉ። ልጆቹ ለዓመታት ወደ ከፍታ መሮጥን ተለማምደው ነበር፤ ታላላቆቹ የታናናሾቹን እጅ ይዘው ሮጡ፣ መጀመሪያ የደረሱበት ቦታ አስተማማኝ እንዳልሆነ ሲያዩም የበለጠ ወደ ላይ ወጡ። ሰነድ በኦካዋም ነበር፤ የካማይሺ ልጆች የነበራቸው በእግራቸው የተለማመዱት መንገድ ነው። «ሰነድ አለ ወይ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ መለኪያ ሁለቱን ከተሞች እኩል ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

ታዲያ ምን ይለካ? የእኔ መልስ ሰዓት ነው። በአይ ኤስ ኦ 22301 አሠራር አንድ ድርጅት ለእያንዳንዱ ዋና ሥራ ሁለት ቁጥር ያወጣል። አንደኛው ሥራው ቢበዛ ስንት ሰዓት ቆሞ መቆየት እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ድርጅቱ በስንት ሰዓት ሊመልሰው እንዳቀደ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ማነስ አለበት። እኔ ሦስተኛ ቁጥር ጎልቶ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፦ ባለፈው ልምምድ በተግባር ስንት ሰዓት ፈጀ? በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የድርጅቱ እውነተኛ ዝግጁነት ነው።

በድሬዳዋ ሙቀት ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መጠን ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊንም እንዲሁ። በሰኔ ፀሐይ መብራት ሲጠፋ የክሊኒኩ ፍሪጅ ስንት ሰዓት ይይዛል? ይህን በግምት የሚናገር ኃላፊና ቴርሞሜትር አስገብቶ፣ ፍሪጁን ነቅሎ፣ ሰዓት ይዞ ያወቀ ኃላፊ አንድ ዓይነት ዝግጁነት የላቸውም። ጀነሬተሩም እንደዚሁ ነው። ጀነሬተር መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ባትሪው አለመሞቱ፣ ነዳጅ መኖሩ፣ ቁልፉ ያለበትን ማታ ተረኛ የሆነው ሰው ማወቁ ግን ሌላ ነው። ለኦዲተሩ ሲባል ጠዋት በ3 ሰዓት የተነሳ ጀነሬተር ሌሊት ለመነሳቱ ማስረጃ አይሆንም።

መረጃም በሰዓት ይለካል። መጋቢት 7 ቀን 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የተፈጠረውን ችግር አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ባንኩ በወቅቱ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መውጣቱን አስታውቆ ነበር። ጎርፍ የለም፣ እሳት የለም፣ ከውጭ የተሰነዘረ የሳይበር ጥቃትም አልነበረም፤ በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የመጣ ችግር ነበር። ትንሽ ድርጅት ራሱን ከዚህ ውጭ አድርጎ እንዳያስብ። የሒሳብ መዝገቡ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ፣ ኮምፒውተሩም ምድር ቤት ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ነጋዴ በደቻቱ ዳር ስንት አለ? ባክአፕ አለኝ የሚል ካለም ጥያቄው ቀላል ነው፤ መቼ ከፍተህ አየኸው?

ወደ ሰው ልመለስ። ሌሊት በድርጅት ግቢ ውስጥ የሚገኘው ብቸኛ ሰው ብዙ ጊዜ ዘበኛው ነው። ዕቅዱ የሚጻፈው ግን በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው፤ ስልጠናውን የሚወስዱት የክፍል ኃላፊዎች ናቸው፤ ኦዲተሩም የሚያነጋግረው እነሱን ነው። ዘበኛው የኮሚቴ አባል ቢሆን እንኳ ለስም ነው። የ1998ቱ ጎርፍ ያስተማረን ነገር ካለ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚወስነው ዘበኛው መሆኑ ነው፦ በሩን ይክፈት ወይስ ይዝጋ፣ መብራት ያጥፋ ወይስ ይተው፣ ግቢ ውስጥ የተኙትን ወዴት ይውሰድ። ብቃት ያለው ኦዲተር ማታ ሳይነገር መጥቶ ከዘበኛው ጋር አሥር ደቂቃ ቢያወራ ሦስት መቶ ገጽ ሰነድ ከማገላበጥ የበለጠ ያውቃል። የመንደሩን ቋንቋ የሚናገር ኦዲተር ቢሆን ይመረጣል፤ ኦሮምኛም ሶማልኛም አማርኛም በሚነገርበት ከተማ መመሪያው የተጻፈበት ቋንቋ ራሱ መለኪያ ነው።

ከዘበኛው በላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያው መንገድ አለ። የደቻቱ ተፋሰስ የላይኛው ሰፊ ክፍል ከከተማ አስተዳደሩ ወሰን ውጭ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ድርጅቶችን አንድ በአንድ የሚመዝን ሰርተፍኬት እስከ አጥር ድረስ ብቻ ያያል፤ ውኃው ግን የሚነሳው ከአጥሩ በጣም ርቆ ነው። ከላይ ዝናቡን ያየ ሰው ለማን ይነግራል፣ እሱስ በስንት ደቂቃ ለቀበሌው፣ ቀበሌው በስንት ደቂቃ ለመጋዘኖቹ ያደርሳል? ቁልቁለቱ አጭርና ገደላማ ስለሆነ ጎርፉ ለድርድር ጊዜ አይሰጥም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለ ማስጠንቀቂያ ነው። ከወንዙ ዳር ያሉ ድርጅቶች በጋራ ሆነው፣ ከክረምቱ መግቢያ በፊት፣ ከደጋው አንድ ስልክ ተደውሎ እስከ መጨረሻው ግቢ የሚደርስበትን ደቂቃ ቢለኩ፣ ያ ቁጥር ከየትኛውም የግል ሰርተፍኬት ይበልጥብኛል።

በዚህ ከተማ ግን ጎርፍን ብቻ እያዩ መዘጋጀት ሌላ ስህተት ነው። በ2011 ክረምት የጀመረው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ድሬዳዋ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያዘ። በሽታው አብዛኛውን ሰው አይገድልም፤ መገጣጠሚያውን ይዞ አልጋ ላይ ያውለዋል። ሕንፃው ቆሞ፣ መብራቱ በርቶ፣ ማሽኑ ደህና ሆኖ፣ ሠራተኛው የሌለበትን ድርጅት አስቡት። በ2014 ደግሞ በበጋው፣ ባልተለመደ ወቅት፣ በከተማዋ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲከታተሉ ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ወራሪ ትንኝ ነው። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል፤ ከተማ ይስማማታል።

ነገሩ ውስብስብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሆስፒታሎችን ደህንነት የሚመዝንበት መለኪያ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሁለተኛ እትሙ 151 መመዘኛዎች አሉት። የአካባቢው አደጋዎች ይለያሉ፣ ሕንፃው፣ የውስጥ ዕቃውና መስመሩ፣ የአደጋ ጊዜ አመራሩ ይታያሉ። ውጤቱ ከ0 እስከ 1 ሲሆን በሦስት ደረጃ ይከፈላል፦ 0.66 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሆስፒታል በአደጋ ጊዜም አገልግሎቱን የመቀጠል ዕድል አለው ይባላል፤ 0.35 እና ከዚያ በታች ያመጣ በውስጡ ያሉት ሰዎች ሕይወት ራሱ ስጋት ላይ ነውና አስቸኳይ እርምጃ ይፈልጋል። ይህ መለኪያ ከሚጠይቃቸው አንዱ የውኃ ክምችት ነው፤ ለአንድ አልጋ በቀን 300 ሊትር፣ ለ72 ሰዓት። መቶ አልጋ ላለው ሆስፒታል ይህ 90,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ዘጠኝ መሆኑ ነው። ውኃ በሚጠፋበት ከተማ ይህን ያሟላ ተቋም ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። ክዳኑ የተሰነጠቀ ወይም ጨርሶ የሌለው ዘጠኝ ሮቶ ግን ዘጠኝ የትንኝ ማርቢያ ነው። ለውኃ መጥፋት የተዘጋጀው ድርጅት ሳያውቅ ወባን እያዘጋጀ ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ መመዘኛ «ውኃ አከማችታችኋል?» ካለ በኋላ ወዲያው «መሰላል አምጡና ክዳኑን አሳዩኝ» ማለት አለበት። ከጄኔቭ የመጣ ቅጽ ይህን አይነግረንም፤ የከተማው ሰው ነው መጨመር ያለበት። ሐረርም ብትሆን ለዓመታት የውኃ እጥረት ያስለመዳት የማጠራቀም ልማድ ስላላት ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻታል።

ይህን ሁሉ ማን ያስገድድ? አሜሪካኖች የሞከሩት ነገር ትምህርት ይሰጣል። የመስከረም 11ን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 የግል ድርጅቶች የአገሪቱ የእሳት መከላከያ ማኅበር ባወጣው ኤን ኤፍ ፒ ኤ 1600 በተባለ የአደጋ ዝግጁነት ደረጃ እንዲዘጋጁ መከረ። በ2007 በፈቃደኝነት የሚሠራ የግል ዘርፍ ዝግጁነት ምስክር ወረቀት ፕሮግራም እንዲቋቋም ሕግ ወጣ፤ በ2010 መንግሥት ለፕሮግራሙ የሚያገለግሉ ሦስት ደረጃዎችን ተቀበለ። ብዙ ድካም ነበር። ሰርተፍኬቱን የወሰዱት ድርጅቶች ግን ጥቂት ነበሩ። ኦዲቱ ወጪ አለው፤ የወሰደውን የመድን ክፍያ የሚቀንስለት፣ በጨረታ ነጥብ የሚጨምርለት አካል ካልኖረ የሚከፍልበት ምክንያት አላየም። በአንጻሩ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ድርጅቶች በነፃ ራሳቸውን የሚመዝኑበትና ከዓመት ዓመት የሚያሻሽሉበት ፕሮግራም ጀምሮ ትንንሾቹን ሳይቀር አሳትፏል።

በድሬዳዋ ለቀፊራና ለታይዋን ገበያ ነጋዴ አይ ኤስ ኦ 22301 ይዞለት የሚመጣው ነገር የለም፤ ለኦዲተሩ የሚከፍለው ገንዘብ ከሱቁ ዕቃ ሊበልጥ ይችላል። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰው ቃጠሎ ግን ያነደደው የእንዲህ ያሉ ነጋዴዎችን ንብረት ነው። ለእነሱ የሚበጀው ራስን መመዘኛ አንድ ገጽ ነው። የደንበኛና የዕዳ መዝገብህ ቅጂ ከሱቁ ውጭ የት አለ? የመብራት መስመርህን መጨረሻ ያየው ኤሌክትሪሺያን ማን ነው? የእሳት አደጋ መኪና እስከ ሱቅህ በር ይደርሳል ወይስ የተዘረጋው ዕቃ ይዘጋዋል? ከጎረቤቶችህ ጋር ማታ የምትደዋወሉበት ቁጥር አለ? የገበያው ማኅበር ይህን አንድ ገጽ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያዞር ኦዲተር አያስፈልገውም።

ለትልልቆቹ ግን፣ ለፋብሪካው፣ ለሆስፒታሉ፣ ለባንኩ፣ ለዩኒቨርሲቲው፣ በፈቃደኝነት ብቻ መተዉ አይበቃም። መጀመሪያ ጥያቄውን ማንሳት ያለባቸው ገንዘብ የሚያወጡት ናቸው፦ መድን ሰጪው፣ አበዳሪው ባንክና ጨረታ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት። ሰርተፍኬቱን አይተው እንዳያልፉ። የመጨረሻው ልምምድ የተደረገበትን ቀንና ሰዓት፣ ሌሊት ይሁን ቀን፣ ሥራው ለመመለስ በተግባር የፈጀውን ጊዜ፣ በልምምዱ ያልሠራውን ነገርና እሱን ያረመውን ሰው ስም የያዘ ገጽ ይጠይቁ። ያልሠራ ነገር ያልተጻፈበት የልምምድ ሪፖርት ከቀረበላቸው ይመልሱት፤ ልምምዱ አልተደረገም፣ ወይም የተደረገው ለፎቶ ነው።